ቶንሲል ነው በሏቸው

«ቶንሲል ነው» አለች ትልቋ ከበሩ ውጪ፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሸጉጣ። «አዎ፣ ቶንሲሏን ነው። ልጅ አይደለች? ነገ ከነገ ወዲያ አይስክሬሟን እየላሰች ትወጣለች።»

ፎቶ አንሺዋ ይህን የሰማችው ከበሩ ወዲህ፣ የልጇን የሾርባ ሳህን ይዛ እንደቆመች ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከፊቷ አልጋው ላይ የተቀመጠችው ልጇ ጭንቅላቷ በነጭ ፋሻ ተጠምጥሞ ጥቅል ጎመን አክሏል፤ ከፋሻው ኋላ ታስሮ የወጣው የሽቦ ጅራት በትራሱ ላይ አልፎ፣ በአልጋው ራስጌ ወርዶ፣ ግድግዳው ሥር ያለው ማሽን ውስጥ ይገባል። ሽቦዎቹ የሚነሡት ደግሞ ከፋሻው አይደለም፤ ራስ ቅሏ ተበስቶ እስከ አንጎሏ ድረስ ዘልቀዋል። ይህ ሁሉ ለቶንሲል ከሆነ ጥርሷን ቢያማት ምን ሊያደርጓት ነበር ያሰኛል። ፎቶ አንሺዋ ግን የምትስቅበት ጥርስ አልነበራትም። ዐይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ያውም ልጅቱ እየሰማች።

ትልቋ የፎቶ አንሺዋ ባል ታላቅ እህት ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ወንድሟን አጥባ፣ አብልታ፣ ቀጥታ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስለዚህም ሰውየው፣ አናጢው፣ ጢሙ ሸብቶ እንኳ እህቱ ፊት ሲቆም እጁን ከኪሱ ያወጣል። ትልቋ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ነገሩ ይቀል ነበር፤ ክፉን ሰው በር ዘግተውበት መኖር ይቻላል። ይህቺ ግን ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ በየማለዳው ሁለት ታክሲ እየቀያየረች ምግብ የምታመጣ፣ የልጅቱን ልብስ ወስዳ አጥባና ተኩሳ የምትመልስ ናት። ጣጣው የመጪው እሑድ ነው። እሑድ ሴት ልጇን ለልጃቸው የጠየቁ ሰዎች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ቤቷ ይመጣሉ። የሙሽራው እናት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ቤተሰቡም አጥንት ቆጣሪ ነው ይባላል። እንግዲህ የልጅቱ አንጎል ውስጥ ያለው ሽቦ ቶንሲል የሆነው ለእነዚህ ሰዎች ሲባል ነው።

ውሸቱ የዛሬ ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር። ፍንጭት፣ ልጅቱን ሁሉም የሚጠራት በፊት ጥርሶቿ መካከል ባለው ክፍተት ነው፣ በእግሯ መሄድ ከጀመረች አንስቶ የሚጥል በሽታ አለባት። በቤቱ ውስጥ ግን ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። «ያ ነገር» ነው የሚባለው። «ዛሬ ያ ነገር መጣባት?» ይባላል፤ «አልመጣም» ይባላል፤ በዚያው ወሬው ይቀየራል። ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የሥራ ድርሻ አለው፤ ማንም ሰብስቦ አላከፋፈላቸውም፣ በልማድ የያዙት ነው። ትልቋ ካለች በሩን ትዘጋለች። አናጢው ቴሌቪዥኑን ያስጮኸዋል፣ ከልጅቱ ጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ ጎረቤት እንዳይሰማው። ፎቶ አንሺዋ ያገኘችውን ጨርቅ፣ ሻርፕም ይሁን አንሶላ፣ ልጇ ላይ ጣል ታደርጋለች። ከዚያ ሦስቱም ወደ ሌላ ሌላ ቦታ እያዩ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ልጅቱ ስትነቃ ሁልጊዜ ጨርቅ ሥር ናት። ትምህርት ቤትም ሁለቴ መጥቶባት «ሲሻላት መልሷት» ተብላ ከወጣች ወዲህ ቤት ተቀምጣለች፤ እስክሪብቶዎቿ ደርቀው ተጥለዋል።

ከዓመታት በፊት አንድ ሐኪም «ሲመጣባት በስልካችሁ ቅረጹና አሳዩኝ» ብሏቸው ነበር። ፎቶ አንሺዋ የምትሠራው የፓስፖርትና የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ በሚያነሣ ስቱዲዮ ነው። ቀኑን ሙሉ እንጀራዋ የሰው ፊት ነው፤ «ቀና በል፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ መልሺው፣ ጆሮ ይታይ» ስትል ትውላለች። የማታውቃቸውን ሰዎች የግራ ቅንድብና የቀኝ ቅንድብ ከፍታ ለይታ ታውቃለች። የልጇን ግን አልቀረጸችም። ለሐኪሙ ስልኬ ተበላሽቷል አለችው። መድኃኒት ተቀየረ፣ ተጨመረ፣ በላዩ ሌላ ተደረበ፤ ልጅቱን አደነዘዛት፣ አወፈራት፣ ያ ነገር ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ፤ አልቀነሰም። በመጨረሻ መድኃኒት እምቢ ላለው ለእንዲህ ያለው በሽታ የቀረው መንገድ ምንጩን ፈልጎ ማውጣት ነው ተባለ። ምንጩ የሚገኘው ደግሞ ሽቦ አንጎል ውስጥ አስቀምጦ፣ መድኃኒቱን አቁሞ፣ በሽታው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ በመጠበቅ ነው። እናት የልጇን ሕመም ና እያለች ትጠራለች ማለት ነው። ተጠራ፤ አልመጣም። ሳይጠሩት እየመጣ ቤት ሲያምስ የኖረ ጉድ ሲፈልጉት ድራሹ ጠፋ።

የዛሬው ጠዋት የሐኪሞች ጉብኝት ከወትሮው ያጠረ ነበር። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ዓይኖቿ ሥር በእንቅልፍ ማጣት ጠቁሯል፤ ነገር አታስረዝምም። ሽቦው ከነገ ጠዋት በላይ እንደማይቆይ ነገረቻት፤ በቆየ ቁጥር ኢንፌክሽን ይዞ ሊገባ ይችላል። ካልመጣስ ብላ ፎቶ አንሺዋ ስትጠይቅ ዶክተሯ ካልመጣ አውጥተነው ወደ ቤታችሁ ነው አለች። የራስ ቅል መበሳቱ ከንቱ፣ የእነዚህ ሁሉ ቀናት ጣር ከንቱ። ከዚያ በየቀኑ የምትለውን ደገመችላት፤ ከሁሉ የሚያስፈልገው መጀመሪያው ነው፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ። ሽቦው የአንጎሏን ይነግረናል፣ ካሜራው የሰውነቷን፤ ሁለቱ አንድ ላይ ካልተገናኙ ቢላዋ አናነሣም። ስለዚህ እንዳትሸፍኗት፣ ካሜራው ፊት እንዳትቆሙ፣ መብራቱ አይጥፋ፣ ቀዩን መጥሪያ ተጫኑ። ፎቶ አንሺዋ ይህን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ራሷን ነቀነቀች።

ትልቋ ስልኩን ዘግታ ፈገግ እንዳለች ገባች። ፎቶ አንሺዋ መስማቷን ነገረቻት። ትልቋ አላፈረችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እጇን በእጇ ላይ ጭና፣ እንደ እናት አስረዳቻት፤ ለራሷ ልጅ ብቻ ብላ እንዳልሆነ፣ ፍንጭትም ነገ አድጋ ሰው ቤት እንደምትገባ፣ የሰው አፍ አንዴ ከያዘ እንደማይለቅ፣ ስንቅና ውሸት ደግሞ እያደር እንደሚቀል፣ ከእሑድ በኋላ ቶንሲሉን ራሱ ማንም እንደማያስታውሰው። «ገመናሽን ከተትኩልሽ እንጂ ምን በደልኩሽ?» አለች በመጨረሻ።

ፎቶ አንሺዋ መልስ ነበራት። ልጄ ገመና አይደለችም የሚል ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በእጇ የያዘችው ሾርባ ትልቋ የሠራችው ነው፤ ልጅቱ የለበሰችው ፒጃማ ትልቋ ያጠበችው ነው። ቃሉን ዋጠችው። የተዋጠ ቁጣ ግን አይፈጭም፣ እዚያው ተጎልቶ ነው የሚቀረው። ትልቋ የልጅቱን ጉንጭ ስማ፣ ባዶ ሳህኖቿን በፌስታል ሰብስባ ወደ ሱቋ ሄደች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ አይከፈትም፤ የሚያሳየውም የመኪና ማቆሚያውንና የጄኔሬተሩን ቤት ብቻ ነው። ከአልጋው ትይዩ ግድግዳው ላይ ካሜራው አለ፤ ከሥሩ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ከአልጋው ራስጌ በላይ ድምፅ ማጉያ። ከግድግዳው ወዲያ ቴክኒሻኑ ቀን ከሌት ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል፤ የልጅቱን ማሳል፣ ማዛጋት፣ አፍንጫ መጎርጎር ሁሉ ያያል። ፍንጭት መጀመሪያ ሰሞን ታፍረው ነበር፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ለካሜራው እጇን ታውለበልባለች፣ እሱም በድምፅ ማጉያው «እንደምን አደርሽ አለቃ» ይላታል። ዛሬ እንድትተኛ አልተፈቀደላትም፤ እንቅልፍ ማጣት ያ ነገርን ይጠራል ተብሎ። ስለዚህ እናቷ እያጫወተች፣ እያሳቀች፣ ዓይኗ ሲከደን ጉንጯን እየነካካች ነው የምታውላት።

«እማ» አለች ፍንጭት በመካከል፣ «ሰው ሲመጣ እንዴት አድርጌ ላውራ?»

«እንደ ሁልጊዜሽ ነዋ።»

«ቶንሲል ያመመው ሰው እኮ እንደዚህ ነው የሚያወራው» አለችና ድምጿን ከጉሮሮዋ ፍቃ አወጣችው፤ ሻካራ፣ የአሮጊት የመሰለ ድምፅ። ከዚያ በገዛ ድምጿ፣ በኩራት፦ «አክስቴ ናት ያለማመደችኝ። ጎበዝ ብላኛለች።»

ፎቶ አንሺዋ ቀስ ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልጇ ራስ ቅሏ ተበስቶ ጭንቅላቷን እንደልቧ ማዞር አትችልም፤ ፋሻው ሥር እያሳከካት እንኳ እንዳታኪው ተብላ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ሌላ ሕመም፣ ሰው ፊት የሚነገር ጨዋ ሕመም፣ አስመስላ እንድታሳይ ትለማመዳለች። ልጅቱ አልከፋትም። የተሰጣትን ሥራ በደንብ በመሥራቷ ደስ ብሏታል። እናቷን ብግን ያደረጋት ይህ ደስታ ነው።

አናጢው በምሳ ሰዓት መጣ፤ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ፣ በፌስታል ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዟል። ስለ መኪና ማቆሚያው ዋጋ አማረረ፤ እዚህ ታች ያለው ካፌ አንዱን ሻይ ውጪ ባለው የሦስት ሻይ ዋጋ እንደሚሸጥም አማረረ። ልጁን በጣቱ አገጯን ነካ አደረጋትና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ሪሞቱን አንሥቶ ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ ድምፁን አጥፍቶ ሰዎች አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ያይ ጀመር። እንቁላሉ ተላጠ። ባልና ሚስቱ ሳይነጋገሩ በሉ።

«እህትህ ለሰዎቹ ቶንሲል ነው ብላቸዋለች» አለች በመጨረሻ።

«ሰምቻለሁ።»

«አንተስ?»

ሪሞቱን አገላበጠው። «የሙሽሮቹን አልጋ የምሠራው እኔ ነኝ። እንጨቱን ቆርጬ ጨርሻለሁ።»

«እሱን መች ጠየቅኩህ።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«የሚጥል በሽታ በላቸው። ሁለት ቃል ነው።»

አናጢው ዞር ብሎ በሩ መዘጋቱን አየ። ይህቺን አንዲት ዞር ማለት ፎቶ አንሺዋ አልረሳችለትም፤ ስድብ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አንድ አልጋ ላይ ለዓመታት አብሯት የተኛ ሰው የልጁን በሽታ ስም ሰምቶ መጀመሪያ ያሰበው በሩን ነው። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ዕቃ እንዲህ አይደብቅም አለች በልቧ። የእንቁላሉን ልጣጭ ሰብስባ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለች።

ርዕሰ መምህርቷ የመጡት ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ማንም አልጠራቸውም። ነገ ከነገ ወዲያ ዘመድ የሚሆኑትን ሰዎች ልጅ ታማ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር መስሏቸው፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን ገዝተው መጡ። መጀመሪያ የሄዱት እንደ ደንቡ ጉሮሮ ወደሚታከምበት ክፍል ነበር፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። እዚያ እንዲህ ያለች ልጅ የለችም ሲባሉ በአባቷ ስም አስፈልገው፣ ፎቁን ወጥተው፣ ይህን በር አንኳኩ። ትልቋም መምጣታቸውን ከልጇ በስልክ ሰምታ ሱቋን በሰው ትታ ሮጣ ነበርና፣ ሴትዮዋ እግራቸውን ሲያስገቡ እሷ ከኋላቸው እያለከለከች ደረሰች። ፎቶ አንሺዋ ከአልጋው ጎን እንደተቀመጠች ሰላም አለቻቸው። አናጢው ብድግ ብሎ ወንበሩን ሰጠ። ርዕሰ መምህርቷ አልተቀመጡም። አልጋው ግርጌ ቆመው ፋሻውን አዩ፣ ሽቦውን በዓይናቸው ተከትለው እስከ ማሽኑ ሄዱ፣ ተመልሰው መጡ።

«ይሄ ነው ቶንሲሉ?» አሉ።

«ቶንሲሉ እኮ ወደ ጆሮ ወጥቶባት» አለች ትልቋ፣ እጇን ከጉሮሮዋ ወደ ጆሮዋ እያወጣች፣ «ከጆሮዋ ደግሞ…» እጇ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ፀጉሯ ላይ ቀረ። አናጢው ጫማውን ያያል። ፎቶ አንሺዋ በቃ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ ብላ ትንፋሿን ሳበች። ጠዋት የዋጠችው ቃል ተነሥቶ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ፍንጭት ግን ቀደመቻት። አክስቷ ባለማመደቻት ሻካራ ድምፅ፣ «ደኅና ነኝ፣ ጉሮሮዬን ብቻ ነው ትንሽ…» አለች፤ እዚያ ላይ ድምጿ ቀጥ አለ።

እናቷ አወቀች። ከሰው ሁሉ ቀድማ አወቀች። የተለመነው መጣ፣ ዶክተሯ የጠበቀችው፣ ራስ ቅል የተበሳለት። ቀዩ መጥሪያ ከእጇ አንድ ስንዝር አይርቅም። እጇ ግን ወደ መጥሪያው አልሄደም። እጇ አንሶላውን ያዘ፣ ከልጇ ጉልበት ላይ ስቦ፣ በደረቷ አሳልፎ፣ ፊቷን ከነፋሻው ሸፈነው። ትልቋ በሩን ዘጋች፤ በጀርባዋም ተደገፈችው። አናጢው ሪሞቱን አነሣና የሳሙና ማስታወቂያ ክፍሉን በጩኸት ሞላው። ማንም ማንንም አላዘዘም። ሦስቱም የየድርሻቸውን ሠርተው፣ እንደ ለመዱት ሌላ ሌላ ቦታ እያዩ፣ አንሶላው ሥር ያለው እስኪያልፍ ቆሙ። «ፊቷን ግለጡ! አንሶላውን!» ይላል ቴክኒሻኑ በድምፅ ማጉያው፤ የሳሙናው ዘፈን ዋጠው።

ቴክኒሻኑ ሮጦ መጥቶ በሩን ሲገፋ ትልቋ «አንድ ጊዜ ቆዩ፣ ልብስ እየቀየረች ነው» አለችው። ገፍትሮ ገባ። አንሶላውን ገፎ መሬት ጣለው፣ ልጅቱን በጎኗ አስተኛት፣ መጥሪያውን ተጫነ፣ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው። በዚያ ሰዓት መላ ሰውነቷ ይርገፈገፍ ነበር፤ መጀመሪያው ካለፈ ቆይቷል። ብዙም ሳይቆይ እየቀነሰ ሄደና ቆመ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የልጅቱ ከባድ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ዶክተሯ መጣች፣ ከግድግዳው ወዲያ ሄዳ አይታ ተመለሰች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ደግ ነበር። ሽቦው ይዞታል አለች፤ ከግራ በኩል፣ ከንግግርና ከእጅ ሥፍራ አጠገብ ነው የሚነሣው። ካሜራው የያዘው ግን አንሶላ ነው። እንዲህ ካለ ቦታ ላይ ደግሞ በግምት ቆርጦ ልጅቱን ዲዳ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ አለች፤ መጀመሪያ ምኗ ነበር? ከንፈሯ ነው? እጇ ነው? ንግግሯ የቆመው ከዚያ በፊት ነው በኋላ? አናጢው ቴሌቪዥኑን እንጂ ልጁን አላየም። ትልቋ በሩን። ፎቶ አንሺዋ አንሶላውን። ከሁሉም የቀረበችው እሷ ነበረች፤ ፊቷን የሸፈነችውም እሷ።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ ርዕሰ መምህርቷ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የተደበቀው ከእርሳቸው ነበር፣ ያዩትም እርሳቸው ብቻ። ወደ ሌላ ቦታ ማየትን ማንም አላስተማራቸውምና ልጅቱን ነው ሲያዩ የነበረው። ድምጿ መጀመሪያ እንደቆመ ተናገሩ፤ ከዚያ የቀኝ ከንፈሯ ጫፍ ወደ ጎን እንደተሳበ፣ ከዚያ እናቷ እንደሸፈነቻት። ዶክተሯ በጥሞና ሰማቻቸው፣ አመሰገነቻቸውም። ግን ጭንቅላት በምስክር አይከፈትም አለች፤ መቀረጽ አለበት። መድኃኒቱ ስለቆመ እንደገና ሊመጣ ይችላል፣ እስከ ነገ ጠዋት እንጠብቃለን። ይህን ብላ ወጣች።

ርዕሰ መምህርቷ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወደ ፎቶ አንሺዋ ዞረው፣ ክፋት በሌለበት፣ ተማሪ በሚጠይቁበት ድምፅ፦ «አንቺ እናቷ ሆነሽ እንዴት አላየሽም?» አሏት። በሩ ላይ ሲደርሱ ትልቋን ያዝ አድርገው በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «በዘር ነው?» አሉ። ትልቋ ወድቃ ነው፣ ከደረጃ ነው አለች። ሴትዮዋም እስቲ ከሙሽራው አባት ጋር እንነጋገርበታለን ብለው ሄዱ፤ ትልቋ ነጠላ ጫማዋ እየተንሸራተተ ተከተለቻቸው።

ፎቶ አንሺዋ የምትቆጣው ሰው አላጣችም። ብርቱካን ይዘው መጥተው ዘር የሚቆጥሩትን ሴትዮ፣ ሾርባ እያበላች ውሸት የምታስጠናውን ትልቋን፣ ሪሞት የሚይዘውን ባሏን። ሁሉንም በየተራ ተቆጣቻቸው። ግን ቁጣው የትም ዞሮ ዞሮ መጥቶ የሚቆመው እጇ ላይ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረግ ቢያምራትም አንሶላውን የሳበው የራሷ እጅ ነው። ይኸው ልጇ ይህን ያህል ስታድግ፣ ያ ነገር ሲመጣ ፊቷ ምን እንደሚመስል አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ አይታው አታውቅም። ብርቱካን ይዘው የመጡ እንግዳ ቀደሟት።

«ልማድ ሆኖብን ነው» አለ አናጢው።

«ሪሞቱን ስጠኝ» አለችው። ሰጣት። ባትሪዎቹን አውጥታ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸውና ቀፎውን መልሳ ሰጠችው። «አሁን ሂድ፣ አልጋህን ሥራ።» አናጢው ቀፎውን እንደያዘ ጥቂት ቆመ። ልጁን አያት፤ ተኝታለች። ወጣ።

መስኮቱ ላይ ብርሃኑ እየቀላ ሲሄድ ፍንጭት ነቅታ፣ ሾርባ ጠጥታ፣ ከብርቱካኖቹ አንዱን ይዛ በጥፍሯ ትልጥ ጀመር። ትልቋ የተመለሰችው ያኔ ነው። ዓይኗ ቀልቷል። ፎቶ አንሺዋ ጎን ቆማ ስልኳን ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ፊታቸውን አጥቁረው እንደሄዱ፣ ልጇ ቤት ተኝታ እያለቀሰች እንደሆነ፣ አንድ ሰው ብቻ ነገሩን ሊያቃና እንደሚችል ነገረቻት። «አንቺ ብትነግሪያቸው ያምናሉ፣ እናት አይደለሽ? ወድቃ ነው በያቸው። ልጄን አትበድይብኝ። ከደረጃ ወድቃ ነው በይ፣ ሌላ ምንም አልልሽም።»

ፎቶ አንሺዋ ስልኩን አልተቀበለችም። ዓይኗ ልጇ ላይ ነበር። የፍንጭት ጥፍር ልጣጩ ላይ ቆመ። ብርቱካኑ ከእጇ አምልጦ በብርድ ልብሱ ላይ ተንከባለለ። ፎቶ አንሺዋ መጥሪያውን ተጫነችው። በሌላ እጇ አንሶላውንና ብርድ ልብሱን አንድ ላይ እስከ ልጇ እግር ድረስ ገፈፈችና ለካሜራው ቦታ ለቃ ወደ ጎን ቆመች። «ጀመራት» አለች ጮክ ብላ። የትልቋ እጅ ስልኩን ጥሎ ወደ አንሶላው ሲሄድ አየችው፤ አንጓዋን ያዘቻት። አጥብቃ ያዘቻት።

«ጥሪያት፣ ትመልስልሽ እንደሆነ» አለ ቴክኒሻኑ በድምፅ ማጉያው። ጠራቻት። አልመለሰችም። እጅሽን አንሺ አለቻት፤ አላነሣችም። ከዚያ ያየችውን እየተናገረች ቀጠለች፤ የቀኝ ከንፈሯ ጫፍ ወደ ጎን እየተሳበ ነው፣ ጥርሷ ታየ፣ ተከደነ፣ ታየ፤ አሁን ጉንጯ፤ አሁን የቀኝ አውራ ጣቷ፤ ክንዷ ተከተለ፤ ዓይኗ ወደ ቀኝ ሄደ። አስፈሪ ነበር። ውብ ነገር አልነበረበትም፤ ምራቋ ወረደ፣ ፊቷ ጠቆረ፣ ከጉሮሮዋ ያ ድምፅ መጣ። ግን የልጇ ፊት ነው። ፎቶ አንሺዋ እያለቀሰች አየችው፤ ዓይኗን ለማበስ እንኳ ዞር አላለችም።

ትልቋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። «እዪያት» አለቻት።

«አልችልም።»

«እኔም አልቻልኩም ነበር። እዪያት።»

ዶክተሯ ሮጣ ገባች። ቴክኒሻኑ ከወዲያ ሆኖ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዘነዋል አለ፤ ከንፈሩንም፣ ጣቱንም፣ ሁሉንም። ዶክተሯ ልጅቱን በጎኗ አስተኝታ ትንፋሿን አዳመጠች፤ ቀና ብላም ይህ ይበቃናል፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለኛ ተዉት አለች። መርገፍገፉ እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

«ልቀቂኝ በቃ» አለች ትልቋ በቀስታ፣ «እጄን አመመኝ።»

«ገና አልነቃችም። ስትነቃ እያየሻት ታግኝሽ።»

ትልቋ ልትታገል ሞከረች፣ ተወችው። ሁለቱ ሴቶች አልጋው ጎን ቆመው ልጅቱን ያዩ ጀመር፤ የተገለጠ ፊቷን፣ የታጠፈ ፋሻዋን፣ አገጯ ላይ የደረቀውን ምራቅ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ፍንጭት በመጨረሻ ዓይኗን ገለጠች። መብራቱ አጥበረበራት፣ ከላይዋ ጨርቅ ፈልጋ በእጇ ዳበሰች፣ አጣችው። ቃል እስኪመለስላት ጊዜ ወሰደባት። እናቷን አየች፣ አክስቷን አየች፣ ግራ ተጋባች።

«ምን ታያላችሁ?» አለች።

«አንቺን» አለቻት እናቷ፤ የትልቋን እጅ ግን ገና አልለቀቀችም ነበር።